ስስ አየር፣ ትኩስ ሣጥን

ደብረ ታቦር ውስጥ ከሚሸጡት የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አንዳንዶቹን ገልብጦ በጀርባቸው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ያገኛል። በውስጧ የተራራ ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ቁጥር አለ። ቻይና በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኤሌክትሮኒክስ ደኅንነት ደረጃ የመጣች ምልክት ናት። ዕቃው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ለሚደርስ ቦታ ብቻ ታስቦ መፈተሹን ትናገራለች። ደብረ ታቦር ያለችው 2,700 ሜትር ግድም ላይ ነው። ከከተማዋ ማዶ የሚታየው የጉና ተራራ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዙሪያው ካሉት የፋርጣ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት መንደሮች ብዙዎቹ ምልክቷ ከፈቀደችው ከፍታ በላይ ናቸው፤ ስልክ ግን በየቤቱ አለ፣ ቻርጀርም እንዲሁ።

ከ2,000 ሜትሩ መስመር በላይ ያለው ደብረ ታቦር የምትገኝበት ደቡብ ጎንደር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የአንድ ዞን ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ጎንደር፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ብርሃን፣ አሰላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ባሕር ዳር፣ አዳማና ሐዋሳ ከመስመሩ በታች ይቀራሉ። ዋና ከተማዋ ጭምር ከፍተሻው ወሰን ውጭ የሆነች አገር ይህን ቁጥር የሌሎች አገሮች ጉዳይ ነው ብላ ልታልፈው አይገባም። ከፍታ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥንን በሁለት መንገድ ይፈትናል፤ ሙቀቱን የሚወስድለትን አየር ያሳሳበታል፣ በሽቦና በሽቦ መካከል ያለውን መከላከያ አየር ደግሞ ያደክምበታል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ ቦታ። የዘመኑ ቻርጀር ደግሞ የሌለው ነገር ቦታ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ

በተለምዶ ቻርጀር ወይም አዳፕተር የምንለውን ባለሙያዎች ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ይሉታል። የዲሽ ሪሲቨሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የኮምፒዩተሩ ሣጥን፣ በጤና ጣቢያ ያለው መመርመሪያ መሣሪያና በኮረብታው ላይ የቆመው የቴሌ ማማ ሁሉም በውስጣቸው ይህንኑ ይዘዋል። አሠራሩ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። ከሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ በዳዮዶች በኩል አልፎ 310 ቮልት ግድም የሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሆናል። አንድ ትልቅ ካፓሲተር ያንን ይዞ ያረጋጋዋል። ከዚያ ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር በሰከንድ ከ60 ሺህ እስከ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ እየተከፈተና እየተዘጋ ኤሌክትሪኩን ይቆራርጠዋል። የተቆራረጠው ኃይል በአንዲት ትንሽ የፌራይት ትራንስፎርመር በኩል አልፎ 5 ወይም 20 ቮልት ሆኖ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ላፕቶፑ ይወጣል።

ትንሽነቱ የመጣው ከመቆራረጡ ፍጥነት ነው። የድሮው የብረት ትራንስፎርመር የሚሠራው በመስመሩ ድግግሞሽ፣ በሰከንድ 50 ዙር ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ኃይል መሸከም ነበረበት፤ ውኃውን በእንስራ እንደሚቀዳ ሰው ማለት ነው። አዲሱ በሲኒ ይቀዳል፣ ግን በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል። ለዚህ ነው በኪሎ ይመዘን የነበረው ዕቃ ዛሬ በኪስ የሚገባው።

የሙቀት ጉዳይ ከዚህ ዕቃ ታሪክ ጋር ከመጀመሪያው የተሳሰረ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. አፕል 2 የተባለው ኮምፒዩተር ለገበያ ሲዘጋጅ ስቲቭ ጆብስ የፋን ድምፅ እንዳይኖረው ፈለገ። በድሮው ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ያ የሚሆን አልነበረም፤ ከሚሰጠው ኃይል ጋር የሚቀራረብ ሙቀት የሚተፋ ሣጥን ያለ ፋን አይኖርም። ሮድ ሆልት የተባለው መሐንዲስ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ነደፈለት፣ ፋኑም ቀረ። ስዊቺንግ የሚባለው አሠራር ከዚያ በፊትም ነበረ፤ በጠፈር መንኮራኩሮችና በትላልቅ ኮምፒዩተሮች ሲያገለግል ቆይቷል። ወደ ቤት እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ግን ሙቀት ነበር።

ሣጥኑን ማሳነስ ምን እንደሚያስከፍል በቁጥር ማየት ይቻላል። 65 ዋት የሚሰጥ የላፕቶፕ ቻርጀር የኃይል ብቃቱ 80 ከመቶ ከሆነ 16 ዋት ግድም በሙቀት መልክ ያባክናል። አሁን የሣጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በግማሽ እንቀንስ። ይዘቱ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ገጽ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የገጹ ሙቀት እንዳይጨምር ብክነቱም ወደ አንድ አራተኛ፣ ማለትም ወደ 4 ዋት መውረድ አለበት። ለዚህ ብቃቱ 94 ከመቶ መድረስ ይኖርበታል። ከ80 ወደ 94 መሻገር የብዙ ዓመታት ድካም ውጤት ነው። ቅርብ ጊዜ የመጡት የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተሮች፣ ሲከፈቱና ሲዘጉ ከሲሊከኑ ያነሰ ኃይል ስለሚያባክኑ፣ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ብዙ ረድተዋል። ርካሹ ቻርጀር ግን ሣጥኑን ያሳንሳል እንጂ ብቃቱን አያሳድግም፤ ትርፉን ሙቀት የሚሸከሙት በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ናቸው።

ከፍታ ሲወስድ፣ ብርድ ሲመልስ

ሙቀት ከሣጥን የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከአካል ወደ አካል በመነካካት ነው። ሁለተኛው የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ወይም ፋን ሲገፋው ነው። ሦስተኛው ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር ነው። ከፍታ የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ መሆኑ ለነዳፊ ትልቅ ነገር ነው።

በደብረ ታቦር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 ከመቶ ግድም ነው። ሙቀቱ እኩል ከሆነ የአየሩ እፍግታም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ አንድ ሣጥን ሙሉ አየር ከሩብ በላይ ክብደቱን ያጣል ማለት ነው። ፋን ደግሞ የሚገፋው አየርን በይዘት ነው። ፍጥነቱ ሳይለወጥ፣ ድምፁም ሳይለወጥ፣ በውስጡ የሚያልፈው አየር ግን ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ 10 ዲግሪ የሚሞቅ አየር ደብረ ታቦር ላይ 14 ዲግሪ ግድም ይሞቃል። ፋን የሌለው፣ አየሩ በራሱ ጊዜ የሚነሣበት ሣጥን የሚጎዳው በመጠኑ ነው። በአየር በኩል የሚወጣው ሙቀት 15 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በጨረር የሚወጣው ግን ምንም አይቀንስም።

ታዋቂው የታይዋን ፓወር ሰፕላይ አምራች ሚን ዌል ይህን ልዩነት በመግለጫ ወረቀቶቹ ላይ በግልጽ ያስቀምጠዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር፣ ዕቃው ሊሠራበት የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ፋን ለሌለው 3.5 ዲግሪ፣ ፋን ላለው 5 ዲግሪ መቀነስ አለበት ይላል። በደብረ ታቦር ሲሰላ ለመጀመሪያው 2.5 ዲግሪ ያህል፣ ለሁለተኛው 3.5 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ፋን ያለው ሣጥን በከፍታ ላይ ይበልጥ እንደሚጎዳ በማያሻማ መንገድ ያሳያል።

ከዚህ ሲደርስ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። ደብረ ታቦር ብርድ አይደለም ወይ? ብርድ ነው። በክረምት ቀኑን ሙሉ ከ20 ዲግሪ የማያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፣ በበጋ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። በባሕር ጠለል ላይ ገጹ ከአካባቢው በ40 ዲግሪ የሚሞቅ ፋን አልባ ቻርጀር፣ ሙቀቱ እኩል በእኩል በአየርና በጨረር የሚወጣ ከሆነ፣ ደብረ ታቦር ላይ ከአካባቢው በ43 ዲግሪ ይሞቃል። አካባቢው 18 ዲግሪ ሲሆን ገጹ 61 ይደርሳል ማለት ነው። ያው ቻርጀር 38 ዲግሪ በሆነ የጅቡቲ ከሰዓት በኋላ 78 ይገባል። ብርዱ ስስ አየር የወሰደውን መልሶ፣ ተርፎትም ይሰጣል። የደጋው ቻርጀር ከቆላው ረጅም ዕድሜ ሊኖረው በተገባ ነበር።

ይህ ሒሳብ እውነት የሚሆነው ግን ቻርጀሩ ብርዱን ካገኘው ነው። የደጋ ሰው ብርድን የሚሸሽ ሰው ነው፣ ዕቃውም አብሮት ይሸሻል። ማታ ስልኩ ትራስ ሥር ይገባል፤ ገመዱ አጭር ሲሆን ዲቫይደሩ ራሱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረብበታል። ሳሎን ውስጥ ሪሲቨሩ በዳንቴል ተሸፍኖ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል፣ ዳንቴሉ የሚሸፍነው ደግሞ አየር የሚወጣበትን ወንፊት ነው። ሱቅ ውስጥ የዋይፋይ ሳጥኑና አዳፕተሩ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ይሰቀላሉ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር መንገድ ላይ ካለው አየር ጋር ምንም አይገናኝም። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ለቻርጀሩ አካባቢ የሚባለው በጋቢው ሥር፣ በዳንቴሉ ሥር፣ በቆርቆሮው ሥር ያለው አየር ነው። ጋቢ ሙቀት እንዳይወጣ የሚያደርገው በክሮቹ መካከል አየርን ይዞ በማቆም ነው፤ የቆመ አየር ደግሞ ከሙቀት መከላከያዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። በጋቢ የተጠቀለለ ቻርጀር ብርድ አገር መኖሩ ምንም አይጠቅመውም፤ ስስ አየሩ የቀነሰበትን ግን አያስቀርለትም።

ስለዚህ ለወላጆች አንድ ነገር በግልጽ ማለት ይገባል። ቻርጀር አልጋ ላይ አይደር። በተለይ ስም የለሽ ቻርጀር ሕፃን ከተኛበት ብርድ ልብስ ሥር አይግባ።

ያበጠ ካፓሲተር

የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ የሙቀትን ሥራ በዓይን ማየት ይቻላል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣች እናት ሪሲቨሯን በፌስታል ይዛ ትገባለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልበራ አለ፣ ልጄ፣ እስኪ እየው ትላለች። እሺ እትዬ፣ ይቀመጡ ይላል ጠጋኙ፣ ክዳኑን በመፍቻ እያነሣ። ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካፓሲተሮቹ ነው። ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ ዝርግ ነው፣ የሞተው ያብጣል፣ አንዳንዴ ቡናማ ፈሳሽ ያወጣል። ቴስተር ሳያነሣ ግማሹን ምርመራ በዓይኑ ጨርሷል።

ከፓወር ሰፕላይ ዕቃዎች መካከል ሙቀት ቀድሞ የሚገድለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ፈሳሽ አለ። ኤሌክትሮላይት የሚባለው ይህ ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ በጎማው ክዳን በኩል ይተናል። ሲያንስ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ተቃውሞው ሲጨምር ራሱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይተናል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ደንብ ቀላል ነው፤ የካፓሲተሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። በጀርባው 105 ዲግሪና 2,000 ሰዓት የሚል ካፓሲተር በ85 ዲግሪ ቢሠራ 8,000 ሰዓት፣ ማለትም ሌትና ቀን ከበራ አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ዕድሜ አለው። በ65 ዲግሪ ቢሠራ 32,000 ሰዓት፣ ሦስት ዓመት ተኩል ያልፋል። ዳንቴሉን ከሪሲቨሩ ላይ ማንሣት ለአንዲት እናት የአንድ ጥገና ዋጋ ሊያተርፍላት የሚችለው በዚህ ሒሳብ ነው።

ጥገናው ራሱም እዚህ ላይ ይፈተናል። ካፓሲተሮች በ85 ዲግሪና በ105 ዲግሪ የተመደቡ አሉ፣ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ቮልቱና ማይክሮፋራዱም አንድ ሊሆን ይችላል። ባለ 105ቱ ሲጠፋ ባለ 85 ቢገባ ሪሲቨሩ ወዲያው ይበራል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። የሰዓት ምድባቸው እኩል ከሆነ አዲሱ የሚኖረው የቀድሞውን ሩብ ነው። ይህን አውቀው ደንበኛን ለመጪው ገበያ ቀጥረው ባለ 105 ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ጠጋኞች የሚሠሩት ሥራ ከሚያስከፍሉት ገንዘብ በላይ ነው።

ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣው ችግር ሌላው የሙቀት ምንጭ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገምተው ከእውነቱ ተቃራኒ ነው። ቮልት ሲያንስ ዕቃው ይቀዘቅዛል ተብሎ ይታሰባል። ለድሮው አምፖልና ለምድጃ ይህ ልክ ነው። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ግን የሚያወጣውን ኃይል ስለማይቀንስ፣ ቮልቱ ሲወርድበት ከረንቱን በመጨመር ጉድለቱን ይሞላል። 220 የነበረው መስመር ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ ወደ 170 ቢወርድ ከረንቱ በ29 ከመቶ ይጨምራል። በዳዮዱና በሽቦው ተቃውሞ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ስለሆነ 67 ከመቶ ይጨምራል። ከትራንስፎርመር ራቅ ባለ ሰፈር፣ በረጅም መስመር ጫፍ ያለ ቤት ቻርጀሩ በየምሽቱ የሚፈላው ለዚህ ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ቻርጀር፣ ጽሑፉ እውነተኛ ከሆነ፣ ለዚህ ተብሎ ወፈር ባሉ ዕቃዎች ተሠርቷል። ከ220 እስከ 240 ብቻ የሚለው አልተሠራም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ቻርጀር የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከብራንዱ ስም በፊት ይህችን መስመር ቢያነብ ይጠቀማል። ፎርጅድ ዕቃ ላይ ጽሑፉ ራሱ ሊዋሽ ስለሚችል በእጅ መመዘኑም አይጎዳም፤ ዋት ብዙ ጽፎ እንደ ባዶ ሣጥን የቀለለ ቻርጀር ውስጡ የጎደለው ነገር አለ።

መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳትም ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ ፓወር ሰፕላዮች መግቢያ ላይ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ከፍ የሚል፣ ሲሞቅ የሚወርድ ቴርሚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ሥራው ባዶው ካፓሲተር ሲሞላ የሚጎርፈውን የመጀመሪያ ከረንት መግታት ነው። ከሞቀ በኋላ መንገዱን ይለቃል። መብራት ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ሲመጣ ካፓሲተሩ ባዶ ሆኗል፣ ቴርሚስተሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም። የሚገታ የለምና ጎርፉ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ፊውዙ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ዳዮዶቹ አብረው ይሄዳሉ። እናቲቱ ሪሲቨሬ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልበራ አለ ስትል ልክ ነበረች። መብራት ሲቆራረጥ ስፒናውን ነቅሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ይህን ያድናል።

ነዳፊው ከሁለት ወገን ሲያዝ

አየር ከሙቀት ማጓጓዣነት ሌላ የኤሌክትሪክ መከላከያም ነው። በቻርጀር ውስጥ 310 ቮልት የሚሄድበት ወገንና ተጠቃሚው የሚነካው የ5 ቮልት ወገን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ በመካከላቸው ያለው አየር ነው። አየር ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፓሽን በ1889 እ.ኤ.አ. ይህን በልኬት አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው ደረጃ ከ2,000 ሜትር በላይ ይህ ክፍተት በከፍታው መጠን እንዲባዛ ያዛል፤ ለ3,000 ሜትር በ1.14፣ ለ4,000 ሜትር በ1.29፣ ለ5,000 ሜትር በ1.48። በባሕር ጠለል ላይ 4 ሚሊ ሜትር የበቃው ክፍተት ለ3,000 ሜትር 4.6 ግድም መሆን አለበት። በመጀመሪያ የጠቀስኳት ሦስት ማዕዘን በዋነኛነት የምትናገረው ስለዚህ ክፍተት ነው።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው የሚል ሰው የዘመኑን ትንሽ ቻርጀር ከፍቶ ይይ። በውስጡ ምንም ያልተነካ ቦታ የለም። ነዳፊው ክፍተቱን ሲያሰፋ ለትራንስፎርመሩ ያለው ቦታ ይጠባል፣ የጠበበ ትራንስፎርመር ይበልጥ ይሞቃል፣ ያንን ሙቀት የሚወስድ አየር ደግሞ ስስ ነው።

መውጫው እኔ እስከማየው አየርን መተው ነው። የቆመ አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር በዲግሪ 0.026 ዋት ብቻ ነው፣ ይህ በከፍታ ብዙም አይለወጥም፣ መጀመሪያውኑ ደካማ ነውና። በዕቃዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሙቀት በሚያሳልፍ የሲሊኮን ሙሌት መሙላት ይህን አቅም አርባ እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ሙሌቱ ከአየር የተሻለ መከላከያ ስለሆነ የክፍተቱንም ጭንቀት ያቃልላል፤ የደጋ ክረምት ጉምና በንጋት ቦርዱ ላይ የሚያርፈው እርጥበትም አይነካውም። ሙቀቱ በመነካካት ወደ ሣጥኑ ቆዳ ይደርሳል፣ ከዚያ በአየርና በጨረር ይወጣል። ለጨረር ሲባል ቆዳው ቢመረጥ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ፕላስቲክ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ሙቀትን በጨረር ከሚለቁት ጥሩዎቹ መካከል ነው። የሚያብረቀርቅ ባዶ አልሙኒየም ግን ፕላስቲክ የሚለቀውን አንድ አሥረኛ እንኳ ላይለቅ ይችላል፤ በኬሚካል ሂደት ገጹ ሲለበስ ወይም ቀለም ሲቀባ ግን ወደ ፕላስቲኩ ይጠጋል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ምርጫ ትርፍ ነገር ነው። በ2,700 ሜትር ላይ አየሩ ያጎደለውን የሚሞላ ነው።

በትልልቆቹ ሣጥኖች ላይ መንገዱ ይለያያል። በየኮረብታው የቆሙት የቴሌ ማማዎች የሚሠሩት በ48 ቮልት ሲሆን ያንን የሚሰጧቸው ሬክቲፋየር የሚባሉ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላዮች ናቸው። 3,000 ዋት የሚሰጥ ሬክቲፋየር 90 ከመቶ ብቃት ቢኖረው ከ330 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፣ 96 ከመቶ ቢኖረው 125 ዋት ብቻ። በ3,000 ሜትር ላይ ለቆመ፣ ፋኑ በበጋ አቧራ ለሚደፈንና ጠጋኝ ቶሎ ለማይደርስበት ማማ ይህ ልዩነት በግዢ ጊዜ ከዋጋው እኩል መታየት አለበት። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት ካቆመች ወዲህ በመንገዱ ላይ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በሆዳቸው ስዊቺንግ ቻርጀር ይዘዋል። ከነሱ ብዙዎቹ የሚቀዘቅዙት በፈሳሽ ስለሆነ ሙቀቱን ከትራንዚስተሩ እስከ ራዲያተሩ የሚወስደው ነገር ከፍታ አይነካውም፤ ራዲያተሩ ላይ ግን ያው ስስ አየር ይጠብቀዋል።

ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንና ባለ እጆችን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። 7 ቶን ግድም የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በዚህ ቦታ ስም ጋፋት ብሎ ሰይሞታል። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶች ያሉበት ይህ ኢንስቲትዩት፣ የውጭ አምራቾች በብዙ ገንዘብ የሚያገኙትን አንድ ነገር በበሩ ላይ አለው።

የውጭ አምራች ዕቃው በከፍታ ላይ እንዴት እንደሚሞቅ ለማወቅ አየሩ የሚመጠጥበት የብረት ክፍል ይገዛል ወይም ይከራያል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያንን የሚተካ መንገድ አለ። ከፎገራ ሜዳ ጫፍ ካለችው ወረታ፣ 1,800 ሜትር ግድም፣ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል በጉና ትከሻ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ነፋስ መውጫ ይደርሳል። መጀመሪያው ከ2,000 ሜትር መስመር በታች፣ መጨረሻው ከመስመሩ በ1,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ የተማሪዎች ቡድን አንድ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ዓይነት ጭነትና ሦስት የሙቀት መለኪያ ሽቦ ይዞ በአንድ ቀን ጉዞ ሊፈትነው ይችላል። አንዱ ሽቦ በዋናው ካፓሲተር አናት፣ አንዱ በትራንስፎርመሩ፣ አንዱ ከሣጥኑ በሚወጣው አየር ላይ ይታሰራል። የመስመሩ ቮልት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መግቢያው በባትሪና በኢንቨርተር እኩል መደረግ አለበት፣ አለበለዚያ የሚለካው የመስመሩ ድክመት ይሆናል። መመዝገብ ያለበትም የሙቀቱ ልክ ሳይሆን ከአካባቢው በስንት ዲግሪ እንደበለጠ ነው።

የሚጠበቀው ውጤት አስቀድሞ ይታወቃል። ነፋስ መውጫ ላይ ያለው የአየር ግፊት ወረታ ላይ ካለው 85 ከመቶ ግድም ነው። ስለዚህ ወረታ ላይ በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ 20 ዲግሪ የሞቀ የፋን አየር ነፋስ መውጫ ላይ 23 ተኩል ግድም ይሞቃል። ፋን የሌለው ሣጥን በዚያው መንገድ የሚጨምረው ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የጨመረ ካለ ችግሩ ከከፍታው ይልቅ ከአነዳደፉ ነው፤ ሽቦው የታሰረበት ቦታም ሳጥኑ የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚታነቅ ያሳያል።